የ1992 ሃይሉክስ ሻንሲ ግቢ ውስጥ መቀየር፦ የሞከረ ሰው አለ?

ባለቢጫው · ጥር 14 ቀን 2017

ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ የወረስኩት ደብል ጋቢና ሃይሉክስ አለኝ፤ እንደ ፈረንጆቹ 1992 ሞዴል፣ ኤልኤን 106 የሚባለው፣ ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ። ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ሞላ) ነው። ሞተሩ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ በዚህ ብርድ እንኳን ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ሕመሙ ከታች ነው፤ መኪናውን ሁሉ የተሸከመው የብረት አጽም፣ ሻንሲው ላይ።

የጥምቀት ዕለት ዘመድ አዝማድ ጭኜ ከጃንሜዳ ስመለስ ከኋላ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቤት ደርሼ ስመለከት በጋቢናውና በካሶኒው (ከኋላ ያለው የጭነት ሳጥን) መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ሦስት ጣት ያስገባል፤ ከታች አንድ ጣት እንኳን በጭንቅ ነው። ከሥሩ ገብቼ በካቻቢቴ ነካ ነካ አደረግሁት። በግራ በኩል፣ ሻንሲው የኋላውን አክስል ለማለፍ ሽቅብ በሚጎብጥበት ቦታ፣ ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። እዚያው ላይ ድሮ የተበየደ ላሜራ አለ፤ ስንጥቁ የሚጀምረው ከላሜራው ጫፍ ነው።

ሁለት ጋራዥ አሳየሁ። አንዱ «ሌላ ላሜራ እንደርብበት» አለኝ። ሌላው ሻንሲው ይቀየር ብሎ የጠራብኝን የእጅ ዋጋ ስሰማ መኪናውን ትቼ በእግሬ ልመለስ ምንም አልቀረኝም። ቤቴ ገዳም ሰፈር ነው። ከሦስት ቤተሰብ ጋር የምንጋራው ሊሾ የተደረገ ግቢ አለን፤ አምስት ሜትር በዘጠኝ ይሆናል። ቁልፍ መያዝ አላንስም፤ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ ራሴ ቀይሬያለሁ። ይህን ሥራ ቤቱ የሠራ ሰው ካለ እስኪ ይምከረኝ።

ናፍጣ ብቻ · ጥር 14

ወንድሜ፣ ላሜራውን ደርብበትና ኑር። የእኔ ከተበየደ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጤፍ እየጫንኩበት ነው።

ኤደን ዘአራት ኪሎ · ጥር 15

ናፍጣ ብቻ፣ ያንተ እስካሁን ያልተሰበረው ምናልባት ብረቱ ጤነኛ ስለነበረ ነው። የባለቢጫው ጉዳይ የተለየ ይመስለኛል።

ሙያዬ የሕንፃ ብረት ቢሆንም ነገሩ አንድ ነው። ሻንሲ ጭነት ሲመጣበት በርዝመቱ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይታጠፋል፤ የተሠራውም እንዲያ ሆኖ እንዲኖር ነው። ላሜራ ሲደረብበት ያ ክፍል ግትር ይሆናል። ከዚያ በኋላ መታጠፉ በሙሉ ላሜራው በሚያልቅበት መስመር ላይ ይከማቻል። ያ መስመር ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ የተበየደ ከሆነ፣ ወረቀት ከታጠፈበት እንደሚቀደድ ብረቱም በዚያው ይከተላል። መደረብ ግድ ሲሆን የላሜራው ጫፍ እንደ ዓሣ አፍ ተቆርጦ ብየዳው ሰያፍ እንዲሄድ የሚደረገው ለዚህ ነው። ያንተን የበየደው ሰው አራት ማዕዘን ላሜራ ለጥፎ እንደሄደ ስንጥቁ ራሱ ይናገራል።

ዋናው ነገር ግን ካቻቢቴው መግባቱ ነው። ብየዳ የሚይዘው ብረት ይፈልጋል። ዝገት ላይ የተበየደ ላሜራ ለዓይን እንጂ ለጭነት አይሆንም።

ከሚኒሶታ · ጥር 15

እዚህ የምኖርበት አገር ይህ የታወቀ በሽታ ነው። በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ይረጫሉ፤ ጨዉ ሻንሲ ይበላል። ቶዮታ ራሱ ታኮማ የሚባለውን ፒክአፕ ሻንሲ በዝገት ምክንያት ለብዙ ደንበኞች በነጻ ለመቀየር ተገድዷል። በ2016 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ታኮማን፣ ተንድራንና ሴኮያን የሚመለከት የፍርድ ቤት ስምምነት ሲደረስ 1.5 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ያካተተ ነበር፤ ዋጋው እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ተገምቶ ነበር።

የገረመኝ አዲስ አበባ ውስጥ ሻንሲ እንዲህ መበላቱ ነው። እኔ የማውቀው የአገር ቤት ሻንሲ በጭነት ብዛትና በጉድጓድ ይሰነጠቃል እንጂ አይበሰብስም። መኪናው ካንተ አባት በፊት የት ነበር?

ባለቢጫው · ጥር 16

ከሚኒሶታ፣ ጥያቄህ እንቅልፍ ነሳኝ። የአባቴን የሰነድ ሻንጣ አወረድኩ። በ1996 የገዙበት ውል ተገኘ። ሻጩ ኮምቦልቻ የሚኖር የጨው ነጋዴ ነው። እናቴን ስጠይቃት «አዎ፣ አፍዴራ ሠራተኛ ሲያመላልስበት የነበረ ነው፤ ስንገዛው ወንበሩ ሥር ጨው ነበረበት፤ አባትህ እያሳየ ይስቅ ነበር» አለችኝ።

ይኸው ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ስንስቅበት የኖርነው።

ጡረተኛው መፍቻ · ጥር 16

ልጄ፣ ሥራው ቤት ውስጥ ይሠራል። እኔ ሦስት ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ አንዱን በዛፍ ሥር። ነገር ግን ከመጀመርህ በፊት አንድ ቃል ግባልኝ፦ ከመኪና ሥር ብሎኬት አታስገባም። አዲስ አበባ ያለ ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ የተረፈ ብሎኬት ስላለው ቀልጣፋ መስሎት እሱን ይደግፋል። ብሎኬት ግድግዳ ውስጥ ተደርድሮ ጭነቱን ሲከፋፈል ነው ጉልበት ያለው። የሻንሲ ጠርዝ አንድ ነጥብ ላይ ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። በዚህ የተነሳ እግሩን ያጣ ልጅ አለ፤ ክሪኩን ያስያዝኩት እኔ ነበርኩ። ወፍራም ጣውላ እያነባበርክ ተጠቀም፤ ከብረት የተሠራ ሦስት እግር ካገኘህ ደግሞ ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ ሻንሲ ስትገዛ ዓይንህን አትመን። ቱንቢ ያዝ፤ ግንበኛ የሚጠቀምበትን። ሻንሲውን ደልዳላ ወለል ላይ በአራት ጣውላ ላይ አስቀምጥ። ከፊት በግራና በቀኝ ካሉት የጋቢና ብሎን ቀዳዳዎች፣ ከኋላም ከባሌስትራ መያዣዎች፣ ቱንቢ እየጣልክ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ። ከዚያ ከፊት ግራ እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ ለካ። ሁለቱ ሰያፍ ልኮች ከአምስት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ልዩነት ካላቸው ውሰደው። አሥር ከሆነ ቀለሙ ምንም ቢያብረቀርቅ ጥለኸው ሂድ፤ አንድ ቀን የተጋጨ ነው።

ሦስተኛ፣ «የሃይሉክስ ነው» ሲሉህ ዝም ብለህ አትቀበል። አራቱም ጎማ የማይነዳው ሃይሉክስ የፊት እግሩ አሠራር ሌላ ነው፤ አይገጥምህም። ባለ አንድ ጋቢናውም የጋቢና መያዣዎቹ በሌላ ቦታ ናቸው። የመሪው ሳጥን መቀመጫም በየትኛው ጎን እንደተበየደ ተመልከት። መሪው በቀኝ ከሆነ መኪና የተፈታ ሻንሲ ሊሸጥልህ የሚሞክር አይጠፋም።

ሰነድ ይቅደም · ጥር 17

ሁላችሁም ስለ ብረት ታወራላችሁ፤ እኔ ስለ ወረቀት ላውራ። የሻንሲ ቁጥር የመኪናው መታወቂያ ነው፤ ሊብሬው ላይ ያለውም እሱ ነው። በዚህ ሞዴል ቁጥሩ የተመታው በቀኝ በኩል ከፊት ጎማው አጠገብ ሻንሲው ላይ ነው። ሻንሲውን ስትቀይር መታወቂያህን ነው የምታወልቀው። ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 681/2002 አንብበው፤ ረጅም አይደለም። አንዲት ብሎን ከመፍታትህ በፊት ፋይልህ ያለበት የተሽከርካሪ ምዝገባ ቅርንጫፍ ሂድና ምን ማስረጃ እንደሚፈልጉ ጠይቅ። ሻንሲውን የሚሸጥልህ ሰውም የመኪናውን ሊብሬና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ካላሳየህ አትግዛው።

ናፍጣ ብቻ · ጥር 17

ምን አስጨነቀህ፤ ቁጥሩ ያለበትን ቦታ በግራይንደር ቆርጠህ አዲሱ ላይ አስበይደው። ማን ያውቃል?

ሰነድ ይቅደም · ጥር 17

ወንድሜ፣ የተሰረቀ መኪና የሚታጠበው ልክ እንዲህ ነው። ቦሎ ስትሄድ መርማሪው ቁጥሩ ዙሪያ የብየዳ መስመር ካየ መኪናውን ያስይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ «የአባቴ ነው» ማለት አያድንም። ይህን ምክር ለማንም አትስጥ።

ጡረተኛው መፍቻ · ጥር 17

ሰነድ ይቅደም ልክ ነው። ናፍጣ ብቻ፣ አንተንም አልቀየምህም፤ የኛ ዘመን ሰው ያስተማረህ ይመስላል።

ባለቢጫው · የካቲት 6

ዝም ያልኩት ስሮጥ ነው። ቅርንጫፍ ሄድኩ፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ማስረጃ ዘርዝረው ነገሩኝ፤ ሥራው ሲያልቅም ለምርመራ እንዳቀርበው ደብዳቤ ሰጡኝ። ከዚያ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ወረድኩ።

ሱማሌ ተራን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የምትፈልገውን ስም ስትጠራ አምስት ሰው ክንድህን ይይዛል። የመጀመሪያው ሻንሲ አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ እንደ ሙሽራ ጫማ የሚያብለጨልጭ ነበር። ቱንቢዬን ሳወጣ ሻጩ «ቤት ልትሠራ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። አስራ ሦስት ሚሊ ሜትር ልዩነት አለው። ሳቁም ቀረ፣ ዋጋውም በግማሽ ወረደ፤ እኔም ሄድኩ። ሁለተኛው የመሪ ሳጥኑ መቀመጫ በቀኝ ነበር፤ ጋሼ እንዳሉት።

ሦስተኛው ሞተሩ ተቃጥሎ የተፈታ የአንድ ድርጅት መኪና ነው። ከላዩ ዝገት አለው፤ በመዶሻ ስመታው ግን እንደ ደወል ይጮሃል። የእኔን ስመታው እንደ እርጥብ እንጨት ነበር የሚለው። ሰያፉ ሦስት ሚሊ ሜትር። ሊብሬውም ዲክላራሲዮኑም አለ፤ ውላችንን ውልና ማስረጃ ሄደን አጸደቅን። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ ሻጮችም ያነባሉ። በኪራይ አይሱዙ ጭነን ዳገቱን ወጣን። ከመንገድ እስከ ግቢ ያለው ቅያስ አይሱዙውን ስለማያስገባ ስድስት ሆነን በትከሻ ገባን። ጎረቤቴ እትዬ «ማን ሞተ?» ብለው ነጠላቸውን ይዘው ወጡ።

ኤደን ዘአራት ኪሎ · የካቲት 6

ቱንቢ ይዞ ሱማሌ ተራ መሄድህን ለሥራ ባልደረቦቼ ነገርኩ። ከፊሎቹ አላመኑም።

ከሚኒሶታ · የካቲት 7

ቀለም ከመቀባትህ በፊት ውስጡን አስብ። ዝግ ሳጥን የሆነው የሻንሲ ክፍል የሚበሰብሰው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ከታች ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ ክፈታቸው፤ ውስጡን በውኃ እጠበው፤ በፀሐይ ሁለት ቀን ይድረቅ። ከዚያ ሰም ያለበት የዝገት መከላከያ በቱቦ እየረጨህ አስገባ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚረጩ አሉ። ዝገቱን ትንሽ ያዘገየዋል፤ ነገር ግን ጎሚኒውን ያባብጠዋል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ግቢህንም ያቆሽሻል።

ጡረተኛው መፍቻ · የካቲት 8

ካሶኒውን መጀመሪያ አውርድ፤ ቀላሉ እሱ ነው። ከዚያ ባትሪውን ፍታ፣ የነዳጅ ሰልባትዮውን አራግፈህ አውጣ፣ ኮፋኖውንና ራዲያተሩን አንሳ። የጋቢናው ብሎኖች ይታገሉሃል። ማታ ማታ ናፍጣ እየቀባህ አሳድራቸው፤ በጉልበት ከሄድክ ብሎኑ ተቆርጦ ቀሪው ውስጡ ይቀራል። ሞተሩን ከጋቢናው ጋር አታወዛግበው፤ ከነጎማው ሻንሲው ላይ ይቆይ። ጋቢናውን ብቻ ወደ ላይ አንሳና አሮጌውን ሻንሲ ከሥሩ እየገፋህ አውጣው። እያንዳንዱ ሽቦ ላይ ስሙን ጻፍ። የፍሬን ቧንቧዎቹን ከአሮጌው አታዛውር፤ ሻንሲውን የበላው ጨው እነሱን ትቷል ብለህ እንዳታስብ።

ባለቢጫው · የካቲት 24

ትናንት ጋቢናው ወረደ። ወይም ልክ ለመናገር፣ ወጣ።

ቀኑን እኔ አልመረጥኩትም። የአድዋ በዓል እሑድ ላይ ዋለ፤ ወደ ፒያሳ የሚወስደው መንገድ በጠዋት ተዘግቶ ስለነበር የሰፈሩ ወንድ ሁሉ መሄጃ አጥቶ ደጅ ላይ ቆሟል። ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ በኩል ፉከራው ይሰማል። አንዱ ጎረምሳ «እኛም አንድ ነገር እናንሳ እንጂ» አለ። አስራ ሁለት ሰው ተሰበሰበ።

በሮቹንና ወንበሮቹን ቀድሜ አውጥቻለሁ። በአራቱ ማዕዘን በክሪክ ትንሽ ትንሽ እያነሳን ሁለት የባሕር ዛፍ ወፍራም አጣና ከወለሉ ሥር አግድም አሳለፍን። በእያንዳንዱ ጫፍ ሦስት ሰው። እትዬ ቆጠራውን ያዙ። «አንድ፣ ሁለት» ብለው ሦስትን ሳይጠሩ «በል!» ነው የሚሉት፤ ሁለት ጊዜ ተሳሳትን። በሦስተኛው ተነሳ። ሁለት ልጆች ጣውላ እያነባበሩ ያስገባሉ፤ እኛ እንለቃለን፤ እንደገና እናነሳለን።

አንድ ክንድ ያህል እንደወጣ የፊት ግራው ማዕዘን ቀጥ ብሎ ቆመ። ሌላው ወገን ይነሳል፤ እሱ አይነሳም። ጋቢናው ማዘንበል ጀመረ፤ ሰው መጮህ ጀመረ። የመሪውን ዘንግ ፈትቻለሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ገመድ ፈትቻለሁ፣ የማርሹን ዘንግ አውጥቻለሁ። ጭንቅላቴን አስገብቼ ሳይ ከሞተሩ ወደ ጋቢናው የሚሄድ የተገመደ ሽቦ እንደ ክራር አውታር ተወጥሯል። የእህቴ ልጅ ፒንሳ ይዞ ገባና ቆረጠው። ጋቢናው ዘለለ፤ እኛም ዘለልን።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር። አሮጌው ሻንሲ ከነሞተሩ በአራት ጎማው እየተንከባለለ ከሥሩ ወጣ። ፀሐይ ላይ ሲሆን ሁላችንም ዝም አልን። በግራ በኩል በተሰነጠቀው ቦታ ያልተቆረጠው ብረት ስፋት የእጄን መዳፍ አያክልም። በዚህ ላይ ነው የጥምቀት ዕለት ስድስት ሰው የጫንኩት።

ጾም ስለሆነ ባለቤቴ ንፍሮና ሽሮ አቀረበች፤ ቡናው እስከ ሦስተኛው ተጠጣ። ጋቢናው አሁን በጣውላ ላይ ቆሟል፤ ልጆቹ ቤት አድርገውታል።

ናፍጣ ብቻ · የካቲት 24

የእጅ መዳፍ አያክልም ያልከውን ካነበብኩ በኋላ ወጥቼ የራሴን በካቻቢቴ ነካ ነካ አደረግሁት። አልገባም። ቢሆንም ጤፉን ቀነስኩ።

ባለቢጫው · መጋቢት 9

ሞተሩንና ካምቢዮውን በኪራይ የሰንሰለት ማንሻ አዛወርን፤ አክስሎቹ ከነባሌስትራቸው ገቡ፤ የፍሬን ቧንቧው በሙሉ አዲስ ነው፤ ጋቢናውም ተመለሰ። ዛሬ ባትሪ አሰርኩ። ቁልፉን ሳዞር ማስነሻው ያቃስታል እንጂ አያዞርም። መብራት ሳበራ ይደበዝዛል። ፍሬን ስረግጥ ደግሞ የግራው ፍሬቻ ይበራል! ሽቦዎቹ ላይ የጻፍኩትን ሁሉ ሁለት ጊዜ አመሳከርኩ፤ ስህተት የለም። ባትሪው አዲስ ነው። ምን ይሆን?

ጡረተኛው መፍቻ · መጋቢት 9

የአድዋ ዕለት ያስቆረጥከው ሽቦ የት ደረሰ?

ኤደን ዘአራት ኪሎ · መጋቢት 9

ጋሼ ቀደሙኝ። ያ የማሳ ሽቦ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት። ሻንሲውንም በደንብ ቀብተኸዋል አይደል? ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የፍሬን መብራቱ መመለሻ መንገድ ሲያጣ በፍሬቻው አምፖል በኩል ዞሮ ይመለሳል።

ባለቢጫው · መጋቢት 10

አዲስ የማሳ ሽቦ ከሞተር ወደ ጋቢና፣ ሌላ ከባትሪ ወደ ሻንሲ አሰርኩ። ብሎኖቹ የሚያርፉበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፋቅሁት፤ ከላዩ ግራሶ ቀባሁ። በአንድ ቁልፍ ተነሳ። እናቴ ከመስኮት እልል አለች።

ሰነድ ይቅደም · መጋቢት 18

ምርመራውስ?

ባለቢጫው · መጋቢት 19

ዛሬ ቀረበ። መርማሪው ቁጥሩን በጨርቅ ጠርጎ በባትሪ መብራት አየው፤ ከደብዳቤውና ከውሉ ጋር አመሳከረ። ሊብሬው በአዲሱ ቁጥር እስኪወጣ እየጠበቅሁ ነው። አሮጌውን ሻንሲ ሆን ብዬ ግቢ ውስጥ አቆይቼዋለሁ፤ ማየት የሚፈልግ ካለ ይምጣና ይይ ብያቸዋለሁ። የጎማ ልኬቱም ተስተካክሏል፤ መሪው ወደ ግራ ይስብ የነበረው ቀርቷል።

ጡረተኛው መፍቻ · መጋቢት 19

እንኳን ደስ ያለህ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር አቅፈው የሚያስሩትን ብሎኖች ግን አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄድክ በኋላ እንደገና አጥብቃቸው። አዲስ ቀለም ሥራቸው ይጨፈለቃል፤ እነሱም ይላላሉ።

ባለቢጫው · መጋቢት 30

ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ሁለቴ ደርሼ መጣሁና ዛሬ አጠበቅኋቸው። ሦስቱ ንቅንቅ አላሉም። የኋላ ግራው ሩብ ዙር ሄደ።